የደለል ገንዳው ይሠራል ወይ? ተለክቶ ይታይ

ክረምት ሲገባ ግንባታ ካለበት ቦታ ቁልቁል ያለው አስፋልት ጭቃ ይለብሳል፣ ቱቦውም ይደፈናል። ሳይቱ ላይ የደለል ማጠራቀሚያ ገንዳ ተቆፍሮ እንኳ ጎርፉ እንደደፈረሰ ሲወጣ ይታያል። እኔ የምለው፣ ገንዳ መቆፈሩ ብቻ ምን ዋጋ አለው? ደለሉን መያዙ በሙከራ መታየት አለበት።

ነገሩ የቅንጣት መጠን ጉዳይ ነው። 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ አሸዋ በረጋ ውሃ ውስጥ አንድ ሜትር ለመውረድ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። 0.001 ሚሊ ሜትር የሆነ የሸክላ ቅንጣት ግን ወደ 13 ቀን ይፈጅበታል፤ ያውም ውሃው ጨርሶ ካልተነቃነቀ። የሐምሌ ሰማይ እንኳን 13 ቀን፣ አንድ ቀንም ፋታ አይሰጥ።

አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ የኦበርን ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ የተዘጋጀ የሙከራ ሜዳ አለው። ውሃ ከአፈር ጋር እየቀላቀሉ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ይለቁታል። ከዚያ ከመግቢያውና ከመውጫው ናሙና ወስደው ድፍርስነቱን ይለካሉ። ጎርፉ በአንድ መስመር ሰንጥቆ እንዳያልፍ ከኮኮናት ቃጫ የተሠራ መጋረጃ በገንዳው አግድም ይዘረጋሉ።

እኔን የሳበኝ ግን ማስወጫው ነው። ቱቦው ተንሳፋፊ ላይ ይታሰራል። ውሃው ከፍ ሲል ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ እያለ ከላይ ያለውን፣ የተሻለ የጠራውን ውሃ ብቻ ቀስ አድርጎ ያወጣል። ቱቦው ገንዳው ሥር ከተቀበረ ደግሞ መጀመሪያ የሚወጣው ጭቃው ነው። ለዚህም ነው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የግንባታ ፈቃድ ውሃው ከላይ እንዲወጣ የሚያዘው። ለገንዳው መጠንም አንዱ አማራጭ፣ ጎርፉ ወደ ገንዳው ለሚፈስበት ለእያንዳንዱ ሄክታር መሬት 250 ሜትር ኩብ ገደማ ነው።

እነሱም ቢሆኑ አልጋ በአልጋ አልሆነላቸውም። ኤጀንሲው በ2009 እ.ኤ.አ. ለድፍርስነት 280 ኤን.ቲ.ዩ. (የድፍርስነት መለኪያ አሃድ) የሚል ጣሪያ አውጥቶ ነበር። ክርክር ተነሣ፣ ታገደ፣ በ2014 ጭራሽ ተሰረዘ። ቁጥር ማውጣት ቀላል ነው፤ ቁጥሩን የሚሸከም ልኬት ማግኘት ነው ጭንቁ።

ስለዚህ የአላባማን ውጤት እንዳለ ገልብጠን አንወስድም። የቦሌው ጥቁር አፈርና የእንጦጦ ሥሩ ቀይ አፈር እኩል ይረጋሉ ብሎ መገመት አይቻልም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ፓምፕ፣ ታንከርና ከራሱ ከሳይቱ የመጣ አፈር ካላቸው መጀመር ይችላሉ። ኮንትራክተሩም ከዝናብ በኋላ ከመግቢያውና ከመውጫው በጠርሙስ ናሙና ይውሰድ። በነፃ ያደርገዋል ብዬ አልጠብቅም፤ የልኬቱ ሥራ በውሉ ዋጋ ዝርዝር ውስጥ አንድ መስመር ሆኖ ካልገባ ማንም ጠርሙስ አያነሣም።