«ጀግና ነበር» ከማለት ሌላ ንገሩኝ

አባቴ ጦር ሜዳ ሲወድቅ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የትኛው ጦርነት እንደሆነ አልጽፍም። ስሙን ከጠራሁት ክርክሩ ይጀመራል፤ ማን ጀመረው፣ ማን አሸነፈ፣ አስፈላጊ ነበር ወይ። ክርክሩን አልጠላውም። ግን በተነሳ ቁጥር አባቴ ከመሃላችን ሹልክ ብሎ ይወጣል።

ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ እሱ የሰማሁት አንድ ነገር ነው። «አባትህ ጀግና ነበር።» ጎረቤት ይለዋል፣ አስተማሪ ይለዋል፣ ዘመድ ራሴን እያሻሸ ይለዋል። በቅንነት ነው የሚሉት። ልጅ ግን ይህን ቃል ምን ያድርገው? ጀግና አያስነጥሰውም። ጀግናን ጫማ አይጠበውም። ይባስ ብሎ ፈተና ስወድቅ ቃሉ መገረፊያ ይሆናል፦ «የጀግና ልጅ ሆነህ!»

በእጄ ያለው አንድ ፎቶ ነው። ፀሐይ ወግታው ዓይኑን ጨፈን አድርጓል። የሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ የለችም። ያቺን የሌለች ቁልፍ ስንት ዓመት አፍጥጬ አይቻታለሁ መሰላችሁ። ዛሬ በዕድሜ በዘጠኝ ዓመት እበልጠዋለሁ። ሳየው ታናሽ ወንድሜ ይመስለኛል፤ አንዳንዴ «ተጠንቀቅ» ልለው ይቃጣኛል።

በዋሽንግተን የቬትናም ጦርነት መታሰቢያ አለ፣ በ1982 እ.ኤ.አ. የተመረቀ። ንድፏ ሲመረጥ ማያ ሊን ገና የ21 ዓመት ተማሪ ነበረች። ጥቁሩ ግድግዳ ላይ ከ58,000 በላይ ስም ተቀርጿል። ማዕረግ የለም። ስሞቹ በፊደል ተራ አልተደረደሩም፤ ሰዎቹ በተመቱበት ወይም በጠፉበት ቀን ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ አባቱን የሚፈልግ ልጅ በዚያው ቀን የወደቁትንም አጠገቡ ያገኛል። ደብዛው የጠፋው ስም አጠገብ የመስቀል ምልክት አለ፤ መሞቱ ሲረጋገጥ ምልክቱ ይቀየራል። ሰዎች ወረቀት ደርበው በእርሳስ እያሹ ስሙን ይዘው ይሄዳሉ። ይህ አሠራር ይገባኛል። ልጅ የሚፈልገው በእጁ የሚይዘው ነገር ነው።

ግድግዳ ግን ስም እንጂ ጠባይ አይነግርም። ጠባዩን የሚያውቁት አብረውት የነበሩት ናቸው። እነሱ ደግሞ ዝም ይላሉ። «እኔ ተርፌ ምን ብዬ ልጁ ፊት እቀርባለሁ» የሚል ነገር ይይዛቸዋል። እባካችሁ ቅረቡ። ስለ ውጊያው ባታወሩም ግድ የለም። ሲስቅ እንዴት ነበር? ያንኮራፋ ነበር? ምን ያናድደው ነበር? ይህን ልጁ ከየትም አያገኘውም፤ እናንተም ዕድሜያችሁ እየሄደ ነው።

ለእኔ አንድ ሰው መጣልኝ። ሽበቱ ገጭ ያለ፣ ወንበር ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ሰው። እሱም በ«ጀግና ነበር» ጀመረ። ዝም ብዬ ጠበቅሁት። ቆይቶ ሳቅ አለና፣ «ማታ ማታ ካልሲውን አጥቦ ጠመንጃው አፈሙዝ ላይ ያሰጣ ነበር። ስንቀልድበት ጊዜ! አንድ ሌሊት በድንገት ተነሱ ተባልን። ካልሲው እዚያው እንደተሰጣ ጠመንጃውን አንግቶ ሮጠ» አለኝ።

ማታውኑ ለእናቴ ነገርኳት። ብዙ ጊዜ ስሙ ሲነሳ ታለቅሳለች። ያን ቀን ግን ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ።

«እሱ? ካልሲ አጠበ? እኔ ቤት አንድ ቀን ነክቶ አያውቅም!» አለችና በሳቅ ፈረሰች።