ድሪቶዬን እንደገና

ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሬ የተውኩትን ኩዊልት ባለፈው ሳምንት ከካርቶን አወጣሁት። ለማታውቁት፣ ከላይ የተገጣጠመ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ መሃል ላይ ጥጥ፣ ከሥር ገበር ተደርጎ ሦስቱ አንድ ላይ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ነው። የኔው «ሳምፕለር» የሚሉት ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ ብሎክ (ከቁርጥራጭ የሚሰፋው አንዱ ካሬ ክፍል) ንድፉ ለየቅል፣ አንዱ ኮከብ፣ አንዱ ዘጠኝ ካሬ፣ አንዱ ደግሞ ጠባብ ጠባብ ጨርቅ መሃሉን እየዞረ የሚሰፋበት ሎግ ካቢን።

ያኔ ለእማዬ በቪዲዮ ሳሳያት «ልጄ፣ ብርድ ልብስ አጣሽ እንዴ?» አለችኝ። ሳቅኩ፣ ግን ቆጨኝ። አማርኛው ድሪቶ ነዋ! አገር ቤት ደግሞ ድሪቶ ስድብ ነው። ልብስ ሲቀደድ እንጥፋለን፣ ጥፈቱ እንዳይታይ ግን የማንሆነው የለም። እዚህ ሰው ደህናውን አዲስ ጨርቅ ገዝቶ፣ ቆራርጦ፣ መልሶ ሰፍቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። መጀመሪያ ሳይ ጥጋብ ነው ብዬ ነበር።

በኋላ ነው የጂስ ቤንድን ሴቶች ያወቅኩት። አላባማ ውስጥ ያለ የጥቁሮች መንደር ነው። ካለቀ የሥራ ልብስ፣ ከተበላ ጂንስ፣ ብርድ ለመከላከል የሰፉት ኩዊልት እ.ኤ.አ. በ2002 ሂውስተን ሙዚየም ገባ፣ ከዚያ ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም፣ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። ድሪቶ እኮ ነው! እነሱም እንደኛው ከችግር ነው የጀመሩት፣ ልዩነቱ አለመደበቃቸው ነው።

እኔ ግን ደበቅኩ። ድሪቶ እንዳይመስልብኝ ብዬ እርስ በርሱ የሚሄድ፣ አብሮ የታሸገ ጨርቅ ገዛሁ፣ ሁሉም ሰማያዊና ግራጫ። ዘጠኝ ብሎክ ሰፍቼ ወለል ላይ ዘርግቼ ራቅ ብዬ ባየው ኮከቡ የለም! በዙሪያው ካለው ጨርቅ ጋር አንድ ሆኗል። ለካ ንድፉን የሚያወጣው የቀለሙ ዓይነት ሳይሆን የድምቀትና የጥቁረቱ ልዩነት ነው። ሎግ ካቢን ለምሳሌ ግማሹ ፈዘዝ፣ ግማሹ ጠቆር ካላለ ምኑም አይታይም። አሁን ጨርቆቹን ጎን ለጎን አድርጌ በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አነሳለሁ፣ ፎቶው ላይ ካልተለያዩ ጎን ለጎን አልሰፋቸውም። በዚህ ዘዴ ከአሮጌዎቹ ዘጠኝ ሁለቱ ብቻ ተረፉ። ሰባቱን መፍታት? አልሞክረውም፣ ለትራስ ይሆናሉ።

አዲሶቹ ጨርቆች አዲስ አይደሉም። የባለቤቴ ሸሚዞች፣ ልጄ ያጠረባት ቀሚስ፣ ከነሱ ጋር አንድ ነጭ ጨርቅ ገዛሁ። አሮጌ ልብስ ጣጣው ብዙ ነው። የሚሳሳበው ጨርቅ ስፌት ላይ ይጣመማል፣ ፖሊስተሩ ካውያ ሲበዛበት ይቀልጣል፣ ጂንሱ ከስስ ሸሚዝ ጋር ሲሰፋ ያብጣል። ስለዚህ ጥጥ ጥጡን ብቻ መረጥኩ። ቀዩን ቀሚስ ደግሞ አስቀድሜ ሁለቴ አጠብኩት፣ ነጩ ላይ ቢለቅብኝ የት አባቴ እገባለሁ? ስፌቱም ምሕረት የለውም። ከጠርዝ ስድስት ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚሰፋው፣ አንድ ሚሊሜትር ብትስቱ እያንዳንዱ ስፌት ከብሎኩ ሁለት ይበላል፣ አንድ ሎግ ካቢን ላይ ከዳር እስከ ዳር ስምንት ስፌት አለ። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት።

ትናንት ለእማዬ ደወልኩና ሦስቱን አዳዲስ ብሎኮች አሳየኋት። ቀዩን ወዲያው አወቀችው፣ «የልጅቷ ቀሚስ አይደለም?» ብላ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ዝም ብላ አየችና «ገበሩንስ ምን ልታደርጊው ነው?» አለችኝ።

ገበሩን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር።