እናቱ ደህና ናቸው

ዝነኛ ሰው ባገኝ ምን እንደማደርግ ድሮ ወስኜ ነበር። ኮራ ብዬ፣ ያላየሁ መስዬ ማለፍ። የሆነው ግን ሌላ ነው።

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ጠዋት ጠዋት ቡና የምጠጣባት ቤት አለች። ቤት ካልናት ነው እንጂ አንድ ሸራና አራት በርጩማ ናት። አንድ ቀን ስደርስ ፊቱን በደንብ የማውቀው ሰው ቁጭ ብሏል። ከየት እንደማውቀው ግን ጠፋኝ። ከሊሙ ዘመዶቻችን አንዱ መሰለኝ፤ ዘመድ ደግሞ «ማን ነበርክ?» አይባልም፣ ስለዚህ ትከሻ ለትከሻ ተገጫጭቼ «ጠፋህ እኮ! እናትህ እንዴት ናቸው? ወገባቸውን ተሻላቸው?» አልኩት። (የማንም እናት ወገቧን ያማታል፣ አያስነቃም።)

«ተሽሏታል፣ ተመስገን። ልጆች እንዴት ናቸው?»

ጠየቀኛ! አቦሉን ጨርሰን ቶናው እስኪመጣ የልጄን ማትሪክ፣ የጣሪያዬን ማፍሰስ፣ ያልተመለሰልኝን ብድር፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እሱ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይሰማል። ይባስ ብዬ ወቀስኩት። «የአጎታችን ለቅሶ ላይ ግን መቅረት አልነበረብህም» አልኩት። ደንገጥ አለና «እውነትህን ነው፣ ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለኝ። የማያውቀውን ሟች ነፍስ ይማር ብሎ፣ የኔንም ቡና ከፍሎ ሄደ።

«ዘመድህ ነው?» አለችኝ ባለ ቡናዋ።

«በእናቴ በኩል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት አልነገርከንም! ያ ድራማ ላይ የሚሠራው እኮ ነው!»

ላብ በላብ ሆንኩ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ራሱ «ለቅሶ» የሚለው ቃል ትዝ ሲለኝ ብርድ ልብሱን ፊቴ ላይ እስባለሁ።

እንዲህ ያለ ትሕትና ሲገርመኝ ደራርቱ ቱሉን አስባለሁ። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቁን ወስዳ፣ ከኋላዋ የገባችውን ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዞሩ። ከኦሎምፒክ ወርቅ ጋር እንዲህ ነው። እኛ ሰፈር ደግሞ ቲክቶክ ላይ ሦስት ሺህ ተከታይ ያለው ልጅ አለ፣ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የሚሰጠው በሁለት ጣት ነው፣ ባጃጅ ውስጥም መነጽሩን አያወልቅም።

ለነገሩ ተዋናዩ ዝናውን ረስቶት ሄደ እንጂ ዝናው እዚያው ቀርቷል። የተቀመጠባት በርጩማ ወረሰችው። ያቺ ከአንድ ግንድ የምትፈለፈል ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ናት፣ ትናንት ጀሪካን ሲጫንባት የነበረች። አሁን ማንም አይቀመጥባትም። የአባ ጅፋር ዕቃ ሙዚየም ገብቶ አትንኩ ቢባል ንጉሥ ነበሩ፣ ይገባኛል። ይቺ ግን ግድግዳ ተደግፋ ቁልቁል ታየናለች። የስኒው ዋጋም በዚያው ሰሞን ጨመረ፣ ምክንያቱን የጠየቀ የለም። በዕለቱ መርካቶ የነበረ አንድ ባለ ባጃጅም «አብረን ነው የጠጣነው» እያለ ያወራል፤ እኔን ከታሪኩ አውጥቶኛል።

እኔስ እውነቱን ተናግሬያለሁ? ኧረ በጭራሽ። ዘመዱ ነኝ። ቡናዬ ቀድሞ ይቀዳልኛል፣ ፈንዲሻው ወደኔ ይጠጋል፣ ጠዋት ገና ከሸራው ሥር ጎንበስ ብዬ ስገባ ባለ ቡናዋ ጀበናውን እንደያዘች «እናቱ ወገባቸውን እንዴት ሆኑ?» ትለኛለች።

«ትናንት ደውዬ ነበር» እላለሁ። «ብርዱ ነው እንጂ ደህና ናቸው።»