የደሴቱ ጠባቂ ማነው?

ባሕር ዳር ላደገ ሰው ውሃና ደሴት ብርቅ አይደለም። ለዚህ ይሆናል፣ ሎስ አንጀለስ ይህን ያህል ዓመት ስኖር፣ ወደ ሰሜን በባሕሩ ዳር በነዳሁ ቁጥር እንደ ጉም የሚታዩኝን ደሴቶች ሄጄ ሳላያቸው የቆየሁት። ባለፈው ነሐሴ ግን ባለ ሸራ ጀልባ ያለው ጓደኛችን "ሁለት ቀን ስጡኝ" አለን። አራት ሆነን ከቬንቹራ ወደብ በጠዋት ወጣን። መድረሻችን ከካሊፎርኒያ ደሴቶች ትልቋ ሳንታ ክሩዝ ነበረች።

መጀመሪያ ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበርና በሞተር ሄድን። ረፋዱ ላይ ነፋስ መጣ፣ ሸራው ተወጠረ፣ ሞተሩ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ውሃው የጀልባዋን ጎን ሲመታ ብቻ ነው። ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሄደ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል።

ከሰዓት በኋላ ስኮርፒየን የሚባለው ወሽመጥ ላይ መልሕቅ ጣልን። የውሃ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርገን ወረድን። ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ያለ ጎማ ልብስ አይሞከርም። ሥሩ ግን ደን አለ። ከአልጌ ወገን የሆነው ኬልፕ ከድንጋዩ ተነስቶ እስከ ውሃው ገጽ ይቆማል። ሲመቸው በቀን እስከ 60 ሳንቲሜትር ያድጋል። ፀሐይ በቅጠሎቹ መሃል ተሰነጣጥቃ ስትወርድ፣ ዘጌ ቡናው ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ። ጋሪባልዲ የሚባል ደማቅ ብርቱካንማ ዓሣ ጎጆውን ሊጠብቅ ፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመ። ሁለት መዳፍ ቢያህል ነው። እኔ ወደ ኋላ አልኩ እንጂ እሱ ንቅንቅ አላለም።

ወደ የብስ ስንወጣ ቀበሮዋን አየናት። ከድመት አትበልጥም። ጆሮዋ ሥር ቀላ፣ ጀርባዋ ግራጫ። ጫማዬን በእርጋታ አሽትታ አለፈች።

ይህቺ ቀበሮ እዚህ መኖሯ ቀላል ነገር አይደለም። ታሪኩ የሚጀምረው ከዲዲቲ ነው፤ እኛም ለወባ ሲረጭ ከምናውቀው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የነበረ ፋብሪካ ቆሻሻውን ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። መርዙ ወደ ዓሣው፣ ከዓሣው ወደ ወፎቹ ገባ፤ የእንቁላላቸው ቅርፊት ሳስቶ ይሰበር ጀመር። ራሰ ነጩ ንስር ከደሴቶቹ ጠፋ። እሱ ሲጠፋ ሌላው፣ ወርቃማው ንስር መጣ። ሰዎች ያመጧቸው አሳማዎች ደሴቲቱ ላይ ተራብተው ነበርና ግልገሎቻቸውን እየበላ ሰነበተ። ቀበሮዎቹንም ጨመረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሳን ሚጌልና ሳንታ ሮዛ በሚባሉት ጎረቤት ደሴቶች ላይ 15፣ 15 ቀበሮ ብቻ ቀረ።

ያኔ የደሴቶቹ ጠባቂዎች ወርቃማውን ንስር ብቻ አባርረው ቢተዉት ኖሮ ተመልሶ ይመጣ ነበር። እነሱ ግን አሳማዎቹን አስወገዱ፤ ራሰ ነጩን ንስር መለሱ፤ ቀበሮዎቹን በአጥር ውስጥ አራብተው ለቀቁ፤ ከውሻ የሚመጣውን በሽታ ከተቡ። በ2016 የሰሜኖቹ ደሴቶች ቀበሮዎች ከአደጋ ዝርዝር ወጡ። የባሌ ቀይ ቀበሮአችን ትዝ አለችኝ። እሷንም የሚፈጃት ከውሻ የሚጋባ በሽታ ነው፣ ቁጥሯም ከ500 አይበልጥም። ቤት እንስሳ ይዞ ሳንታ ክሩዝ መርገጥ ክልክል ነው። ባሌ ውስጥ ግን ውሻ የእረኛው አጋዥ ነው፤ ተከልክሏል ብሎ ማስታወቂያ መስቀል አይበቃም፣ ውሾቹን መከተብ ያስፈልጋል።

ሌሊቱን ጀልባዋ ላይ አደርን። ጨለማው ከባድ ነበር። ዳር ላይ አንድም የመንደር መብራት የለም። ቹማሽ የሚባሉት የደሴቲቱ የጥንት ባለቤቶች ሊሙው ይሏት ነበር። ከሳንቃ በሚሠሩት፣ በሬንጅ በሚደፍኑት ቶሞል በተባለ ታንኳ ይህን ባሕር ለሺህ ዓመታት ተመላልሰውበታል። ከስፔኖች ጋር የመጣ በሽታና የሚሲዮን ኑሮ በ1820ዎቹ መጀመሪያ ከደሴቶቹ ጨርሶ አወጣቸው። ልጆቻቸው በ2001 ቶሞል ሠርተው ተሻገሩ። ያረፉትም እኛ መልሕቅ የጣልንበት ወሽመጥ ላይ ነው።

ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጣና 37 ደሴት አለው። ደኑን ለዘመናት የጠበቁት መነኮሳትና መንደርተኞች ዛሬም እዚያው አሉ። ይህን ሀብት አሜሪካኖች በገንዘብ አይመልሱትም። እኛ ጠባቂ ያጣንበት ውሃው ነው። እምቦጭ በአውሮፓውያኑ 2011 ታየ። ገበሬው ደረቱ ድረስ ገብቶ በእጁ ነቀለ። እኛም ከውጭ ለማጨጃ ማሽን አዋጣን። ግን እምቦጩን የሚያደልበው ከእርሻው የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ ነው። ይህ እስካልቆመ ድረስ ንስሩን አባርሮ አሳማውን መተው ነው። ለተራራው እርከንና ለከተማው ፍሳሽ ማጣሪያ የሚያዋጣ ማኅበር ቢኖር ነገ ጠዋት እገባለሁ።

ስመለስ ባሕር ዳር ላለው አጎቴ ደወልኩ። ስለ ዓሣውም ስለ ቀበሮዋም በጽሞና ሰማኝ።

"ሰውስ?" አለኝ።

"የሚኖርባት ሰው የለም፣ ጋሼ።"

ዝም አለ። ቆየት ብሎ፣ "ታዲያ ማታ ደወል የሚደውል የለም?" አለኝ።