የትራፊክ ደኅንነት ድጋፍ በቅጣት ወረቀት ብዛት አይከፈልም

«የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለአካባቢ ፖሊስ የሚሰጠው የትራፊክ ደኅንነት ድጋፍ በተጻፈው የቅጣት ወረቀት ልክ ይታሰባል» የሚል አስተያየት ሲደጋገም ስላየሁ፣ ከአክብሮት ጋር አንድ እርማት ላቅርብ። በ1966 እ.ኤ.አ. በወጣው የአውራ ጎዳና ደኅንነት ሕግ የተጀመረው መሠረታዊ ድጋፍ ለግዛቶች የሚከፋፈለው 75 በመቶው በሕዝብ ብዛት፣ 25 በመቶው ደግሞ በመንገድ ርዝመት ተሰልቶ ነው። ግዛቱም ለፖሊስ መምሪያው የሚተካለት አስቀድሞ ያወጣውን ወጪ ነው፤ ይህም በአብዛኛው ጠጥተው የሚያሽከረክሩትንና የደኅንነት ቀበቶ የማያስሩትን ለመቆጣጠር የተሠራ የትርፍ ሰዓት ነው። ፖሊሱ በአራት ሰዓት ሥምሪት አሥር አሽከርካሪዎችን ቢቀጣም፣ ሁሉንም በማስጠንቀቂያ ቢያሰናብትም፣ በክፍያ መጠየቂያው ላይ የሚሰፍረው ያው አራት ሰዓት ነው። የቅጣቱ ቁጥር በሥራ ሪፖርት ውስጥ መካተቱ ጥርጣሬ እንደሚያጭር ይገባኛል፤ ሪፖርትና የክፍያ ስሌት ግን ለየቅል ናቸው።

ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው የግዛቱ የአውራ ጎዳና ደኅንነት ጽሕፈት ቤት የሚያወጣውን ዓመታዊ ሪፖርት ማየት፣ ከዚያም የመምሪያውን የድጋፍ ስምምነትና የክፍያ መጠየቂያ በመረጃ ነፃነት ሕግ መጠየቅ ይችላል። ስህተቱ ሳይታረም ሲቀር፣ አሽከርካሪው በእጁ ያለውን ትክክለኛ መከራከሪያ ትቶ «ኮሚሽን ተከፍሎበታል» በሚል ክርክር ፍርድ ቤት ይቀርባል።