ወርቁ ይተርፋል፣ መዝገቡስ?

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን ተራራ ዙሪያ ለወራት የዘለቀው ርዕደ መሬት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በየካቲት ወር የደረሰው ብርቱ ንዝረት በመለኪያ 6.0 ሆኖ ተመዝግቧል። ያን ሰሞን ሌሊት ከፎቅ ወርዶ ደጅ የቆመው ሰው ሁሉ የሚጠያየቀው ስለ ሕንፃዎቹ ጥንካሬ ነበር፤ ደግም አደረገ። በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቤት ንብረታቸውን ጥለው ሲወጡ ከነፍስ የሚቀድም ጥያቄ ሊኖር አይችልም። ሰው ከዳነ በኋላ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል። ጥለነው ስለምንወጣው ነገር ምን አስበናል? እኔ ዛሬ የማነሣው ከዚያ ውስጥ ትንሹን፣ በመዳፍ የሚያዘውን ነው፤ የከበሩ ሳንቲሞችንና የሳንቲም ስብስቦችን።

ሳንቲም ስል የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ያሠሩትን ገንዘብ ማለቴ ነው። የሐረር አሚሮች ያስመቱትን፣ ፓሪስ ተሠርቶ የመጣውን የምኒልክ ብር፣ በብዙ አያቶች ሣጥን ሥር በጨርቅ ተቋጥሮ የሚገኘውን፣ የኦስትሪያዋን ማሪያ ቴሬዛ መልክ የያዘውን ጠገራ ብርም ይጨምራል። ብዙ ሰው ስለ እነዚህ የማይሰጋው «ብረት ነው፣ ምን ይሆናል?» እያለ ነው። ግማሹ እውነት ነው፤ የእኔ ጭንቀት ያለው በሌላው ግማሽ ላይ ነው። አደጋ ሲደርስ ቀድሞ የሚጠፋው የሳንቲሙ ታሪክ ነው። ታሪኩ የጠፋበት ሳንቲም ደግሞ በሚዛን የሚሸጥ ብረት ሆኖ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 1906 ንጋት ላይ ሳንፍራንሲስኮ በርዕደ መሬት ተመታች፤ ተከትሎ የተነሣው እሳት ከተማዋን ለሦስት ቀናት ያህል ፈጃት። በከተማዋ መካከል የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የሚያሠራበት ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ ነበር፤ ካዝናው በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚገመት ወርቅና ብር ይዟል። ይህን ሀብት ያዳነው የግንቡ ውፍረት ብቻ አይደለም። ሕንፃው በግቢው ውስጥ የራሱ የውኃ ጉድጓድ ነበረው። የከተማው ቧንቧ ተሰባብሮ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ባዶ ጎማ ይዘው ሲቆሙ፣ ኃላፊው ፍራንክ ሊች፣ ሠራተኞቹና ጥቂት ወታደሮች ከጉድጓዱ ውኃ እየሳቡ ለሰባት ሰዓታት ያህል ከእሳቱ ጋር ተናነቁ። የመስኮቱ መስታወት ቀለጠ፣ ውጫዊው ድንጋይ በሙቀቱ እየተላጠ ወደቀ፤ ካዝናው ግን አልተነካም። በዙሪያው የነበሩት ባንኮች ዕጣ ሌላ ሆነ። ካዝናቸው ሳይፈርስ ቢቆምም ውስጡ እንደ ምድጃ ግሎ ስለነበር ለቀናት፣ አንዳንዱም ለሳምንታት፣ ሳይከፈት እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ሆነ። ቸኩሎ የከፈተ ሰው አየር እንደገባ ወረቀቱ ሲነድ በዓይኑ አየ።

ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በዚያው ዓመት፣ ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም.፣ በስምጥ ሸለቆ የተነሣ ብርቱ ርዕደ መሬት አዲስ አበባን አናውጧል። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ መጀቴ ከተማ ፈርሳለች፣ ካራቆሬም ክፉኛ ተጎድታለች። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ምን ያህል አሮጌ ገንዘብ እንደነበረ የሚናገር ዝርዝር ቢኖር ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ በሌላ መንገድ እጽፈው ነበር።

መዝገብ ማጣት ምን እንደሚያስከፍል ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየኝ የቦስኮሬያሌ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ79 የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ ከፖምፔ ብዙም በማይርቅ አንድ የወይን እርሻ ቤት ውስጥ የቤቱ የብር ዕቃና ከሺህ የሚበልጥ የወርቅ ሳንቲም በጓዳ ጉድጓድ ተሸሽጎ ቀረ። አመዱ ተከምሮበት ለ1,800 ዓመታት ያህል ሁሉም በአንድ ቦታ፣ በአንድ ላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1895 ተቆፍሮ ሲወጣ አብዛኛው የብር ዕቃ በባሮን ኤድሞንድ ደ ሮትሽልድ ስጦታ ሉቭር ሙዚየም ገባ፤ ዛሬም ሄዶ ማየት ይቻላል። የወርቅ ሳንቲሙ ግን በነጋዴዎች እጅ እየተበተነ በየአገሩ ተሸጠ። አሁን በጨረታ ላይ ቀላ ያለ ወዝ ያለው የሮማ ወርቅ ሲቀርብ «ከቦስኮሬያሌ የወጣ ነው» እየተባለ ዋጋው ይሰቀላል፤ የብዙዎቹ ምስክር ግን ቀለሙ ብቻ ነው። አንድ ሀብታም ቤት በዚያ ዓመት በእጁ ምን ዓይነት ገንዘብ እንደነበረው፣ የየትኛው ንጉሥ ስንት፣ አዲሱ ስንት፣ ያረጀው ስንት፣ አንድ በአንድ ማወቅ እንችል ነበር። እሳተ ገሞራ ያላጠፋውን የሰው ቸልተኝነት በጥቂት ጊዜ አጠፋው።

አሁን ወደ ብረቱ ልመለስ፤ «ምን ይሆናል?» ለሚሉት መልስ አለና። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ወርቅ በ1,064 ነው። ጠገራ ብር ግን 83.3 ከመቶው ብር፣ የቀረው ባብዛኛው መዳብ ስለሆነ ከ780 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ መቅለጥ ይጀምራል። የተጋጋለ የቤት እሳት እዚያ ሊደርስ ይችላል። ከዚያ በፊት ደግሞ የላስቲክ ማቀፊያው ቀልጦ ሳንቲሙ ላይ ይጣበቃል፣ ስሙና ደረጃው የተጻፈበት ወረቀት ይከስላል። እሳት ይቋቋማል ተብሎ የሚሸጠው የቤት ካዝናም ባብዛኛው የተሠራው ወረቀት እንዳይቃጠል ነው፤ በግድግዳው ውስጥ ያለው መከላከያ ሲሞቅ እርጥበት ይለቃል፣ ያም እንፋሎት ሆኖ ሳንቲሙን ያጠቁረዋል። የብዙዎቹ ዋስትና የሚለካውም በሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በሎስ አንጀለስ ዙሪያ እንደታየው ያለ፣ ከ16,000 በላይ ሕንፃ የፈጀ ሰደድ እሳት ሲመጣ፣ ፍሙ ካዝናውን ከቦ ከዚያ እጅግ ለሚረዝም ጊዜ ሊቆይ ይችላል።

ጎርፍ ሌላ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን መትቶ ግድቦቹ ሲደረመሱ 80 ከመቶ የሚሆነው የከተማው ክፍል በውኃ ተዋጠ፤ ውኃው ለሳምንታት አልጎደለም። ገንዘባቸውን ለጥንቃቄ ባንክ ወስደው በኪራይ ሣጥን የቆለፉ ሰዎች ሣጥኑ ራሱ በጭቃና በሻጋታ ተሞልቶ አገኙት። ወርቅ ከእንዲህ ያለ ውኃ ታጥቦ ይወጣል። መዳብ ግን ጨው ከነካው በኋላ እርጥበት ባገኘ ቁጥር እየተበላ ይሄዳል፤ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ሲያወጣ ካያችሁ በሽታው ገብቷል ማለት ነው። የአክሱም የመዳብ ሳንቲሞች የሚያስፈሩኝ በዚህ ነው። በአንዳንዶቹ ላይ በንጉሡ ራስ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ እጅግ ስስ ወርቅ ተለብጧል። በዘመኑ በሌላ አገር ገንዘብ ላይ የማይታይ ጥበብ ነው። ከሥሩ ያለው መዳብ ሲበላ ያ ወርቅ እንደ ቅርፊት ተነሥቶ ይወድቃል።

ከጎርፉ በኋላ የሚመጣው ደግሞ የባለቤቱ እጅ ነው። ቅን ሰው ጭቃውን ሲያይ አመድና ሎሚ፣ ወይም የጥርስ ሳሙና ይዞ ይወለውላል፤ ሳንቲሙ ያብረቀርቃል፣ ላዩ ላይ የነበረው የዘመናት ወዝ ግን አብሮ ይታጠባል፣ ለሰብሳቢም ለተመራማሪም ዋጋው ይወድቃል። የሚሻለው በንጹሕ፣ ቢቻል በተጣራ ውኃ ሳያሹ ማለቅለቅ፣ ወርቁን ከብሩ፣ ብሩን ከመዳቡ ለይቶ በለስላሳ ጨርቅ ላይ ማድረቅና ባለሙያ እስኪያየው መተው ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሦስተኛው ምዕራፍ ነው፤ ሽያጩ። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ገንዘብ ያስፈልገዋል። ሳንቲሙን ይዞ ወደ አንጥረኛ ወይም ወደ ገዢ ሲሄድ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ስንት ግራም ነው? ጠገራ ብር 28 ግራም ነው፣ ዋጋውም በዚያው ይሰላል። ቀድሞም ብዙ ጠገራ እየቀለጠ መስቀልና አምባር ሆኗል፤ አንጥረኛው ሥራውን ሠራ እንጂ አልበደለም። ችግሩ ያለው ሻጩ ሌላ የሚናገረው ማስረጃ ስለሌለው ነው። ጠገራ ብር ሁሉ የታተመበት ዓመት አንድ ነው፣ 1780፤ በየትኛውም ዘመን ቢመታ ያው ቁጥር አለበት። የት እንደተመታ ባለሙያ በጥቃቅን ምልክት ሊለየው ይችላል። የማን ጥሎሽ እንደነበር፣ በየትኛው ገበያ በስንት በሬ እንደተለወጠ፣ ማን ለማን እንዳወረሰው የሚያውቀው ግን ቤተሰቡ ብቻ ነው። አያት ሲሞቱ፣ ወይም ቤቱ ሲፈርስና ቤተሰቡ ሲበተን፣ ያ ምስክርነት አብሮ ይሄዳል።

መድን ያድናል የምትሉ ውሉን አንብቡ። በአሜሪካ በተለመደው የቤት መድን ውል ገንዘብ፣ የከበረ ብረትና ሳንቲም በአንድነት የሚሸፈኑት ብዙ ጊዜ እስከ ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ ነው። የጎርፍ ጉዳት ለብቻው ካልተገዛ አይካተትም፤ በመንግሥት የሚደገፈው የጎርፍ መድንም ጥሬ ገንዘብንና የከበረ ብረትን አይሸፍንም። የባንክ ኪራይ ሣጥን ውስጥ ያለውን ደግሞ መንግሥት ለባንክ ተቀማጭ ገንዘብ የሚሰጠው ዋስትና አያውቀውም። እዚያ ያላችሁ ወገኖቻችን የምኒልክ ብር ወይም የአባት ወርቅ ይዛችሁ ከሆነ ለብቻው ማስገመትና ለብቻው ማስገባት አለባችሁ። እዚህም ቢሆን መድን ሰጪው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ነበረህ?» ብሎ ነው፤ ፎቶግራፍና ዝርዝር የሌለው ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም።

ሕጉ ይህን አስቀድሞ አስቦታል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲያስመዘግብ፣ በአጋጣሚ ያገኘም እንዲያሳውቅ ይደነግጋል። ነገር ግን አክሱም ላይ ከብርቱ ዝናብ በኋላ ከእርሻው አፈር ታጥቦ ብቅ የሚለውን ሳንቲም ልጆች ለቀሙ፣ ለእንግዳ ሸጡ፤ ይህ ለብዙ ዓመታት የታወቀ ነገር ነው። ከየትኛው ማሳ እንደወጣ የጻፈ የለም። ሰው የሚሸሸው ማስመዝገብ መነጠቅ ስለሚመስለው ነው፤ ይህን ፍርሃት ማስወገድ ያለበት የቅርስ ባለሥልጣኑ ነው እንጂ ገበሬው አይደለም። ለሚያስመዘግብ ሰው የባለይዞታነት ማረጋገጫ በአደባባይ ይሰጥ፣ በአጋጣሚ አግኝቶ ለሚያመጣ ተገቢው ዋጋ ሳይዘገይ ይከፈል፤ ያን ጊዜ ሣጥኑ ይከፈታል። እምነት ከተገኘ የግለሰብ ስብስብ ምን ሊሆን እንደሚችል ሐረር ላይ አይተናል፤ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው የሰበሰቧቸው መጻሕፍት፣ ሳንቲሞችና ልዩ ልዩ ቅርሶች ዛሬ ራስ ተፈሪ በኖሩበት ቤት ለሕዝብ ይታያሉ።

እስከዚያው እያንዳንዱ ባለቤት በእጁ ባለው ስልክ ዛሬ ማታ ሊጀምረው የሚችል ሥራ አለ። ሳንቲሙን ሳይወለውሉ በሁለቱም ገጹ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርጎ፣ በጥሩ ብርሃን ፎቶ ማንሳት። ክብደቱን በግራም፣ ስፋቱን በሚሊሜትር መጻፍ። ከማን እንደመጣ፣ ከየት እንደተገኘ፣ ቤተሰቡ ስለ እሱ የሚያወራውን ሁሉ ሳይቀንሱ መመዝገብ፤ እናትና አያት በሕይወት ካሉ በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ አድርጎ ድምፃቸውን መቅዳት። ከዚያም ቅጂውን ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ፣ ወይም ውጭ አገር ላለ ልጅ መላክ፤ ሣጥኑና ዝርዝሩ አንድ ጣሪያ ሥር ማደር የለባቸውም። አድባራትና ገዳማትም የዕቃ ቤት መዝገባቸውን በዚሁ መንገድ አስቀርጸው አንዱን ቅጂ ለሀገረ ስብከታቸው ሊሰጡ ይችላሉ። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ደግሞ ስምጥ ሸለቆን ተከትለው ካሉ ከተሞችና ገዳማት ጀምሮ አንድ ባለሙያና አንድ ካሜራ ቢያሰማራ፣ ቀጣዩ ንዝረት ከመምጣቱ በፊት ብዙ ሥራ ይሠራል።