ዘፈኑን ስላቋረጣችሁልን እናመሰግናለን

“ኧረ አሁን ማን ሬዲዮ ይሰማል?” የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። ዩቲዩብ አለ፣ ቴሌግራም አለ፣ ፍላሽ አለ ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ያልገባቸው አንድ ነገር አለ። ዩቲዩብ ላይ ዘፈን ያልቃል። ኤፍኤም ላይ ግን ዘፈን አያልቅም። የሚያልቀው የአየር ሰዓቱ ነው።

እኔ ከመገናኛ ሜክሲኮ በሚኒባስ የምመላለስ ሰው ነኝ። ሾፌሩ የከፈተውን እሰማለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ዘፈን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰምቼ አላውቅም። ምስጋናዬ ከልብ ነው። ዘፈን እስከ መጨረሻው መስማት ሥራ ፈትነት ነው።

በተለይ የመግቢያዋ ነገር! የኛ ዘፈን እንደምታውቁት ዘሎ ግጥም ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ ክራሩ ወይም ሳክስፎኑ ይንደረደራል። አቀናባሪው ለዚያች መንደርደሪያ ስንት ሌሊት አድሮባታል። ግን ምን ያደርጋል፣ ሰው አይናገርባትም። ባዶ ናት። አቅራቢያችን ደግሞ ባዶ ነገር አይቶ ማለፍ የማይችል ደግ ሰው ነው። “ውድ አድማጮቻችን፣ እንዴት ናችሁ፣ ሰኞ እንዴት ይዟችኋል፣ እኛ እዚህ ስቱዲዮ በጣም ደስ ብሎናል…” እያለ ይሞላላታል። ዘፋኙ አየር ስቦ አፉን ሲከፍት እሱ ገና የቴክኒሺያኑን ስም አልጠራም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ስንኝ ሁለቱ አብረው ይሉታል። አንዱ ስለ ናፍቆት፣ ሌላው ስለ ቦሌ መንገድ መጨናነቅ። ድሮ ሰምና ወርቅ ከአንድ አፍ ነበር የሚወጣው። አሁን ሁለት አፍ ተመድቦለታል። እድገት ነው።

ወጣቶች ይህ ሥልጣኔ ከጥንትም የነበረ ሊመስላችሁ ይችላል። አልነበረም። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የራሱን የሙዚቃ ሸክላ ሥራ ሲጀምር፣ ሸክላ የማሳተሙ መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ተሰጥቶ ነበር። ሰውዬው ክልከላውን እያወቀ ደፍሮ አሳተመ። ለምን? ዘፈን ሰው ጆሮ እንዲደርስ። የትንሿ ሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ነው። ዘፈኑ ረዘም ካለ ግማሹ በአንዱ ገጽ፣ ግማሹ በሌላው ይቀረጻል። እቤቱ ቁጭ ብሎ የሚሰማው ሰው ተነስቶ፣ መርፌዋን አንስቶ፣ ሸክላውን ገልብጦ ቀሪውን ይሰማል። ምን ዓይነት ልፋት ነው! ዛሬ የሚገለበጥ ነገር የለም። ቀሪው ይቀራል።

ከዚያ ዘመኑ ገፋ። በ1992 ዓ.ም. ኤፍኤም አዲስ 97.1 መጣ። በ2000 ደግሞ የግል ጣቢያዎች መሰማት ጀመሩ። አሁን መዘውሯን ከ90 እስከ 108 ብታዞሯት በየመንገዱ ሰው አለ። ምርጫው ሰፊ ነው። የአፓርታማውን ማስታወቂያ በሴት ድምፅ ወይም በወንድ ድምፅ መስማት ትችላላችሁ።

ማስታወቂያውን ያነሳሁት በክፋት አይደለም። እንደውም በሬዲዮ ተቀናብሮ፣ ተዘፍኖ፣ ሳይቆረጥ እስከ መጨረሻው የሚለቀቀው ብቸኛው ሙዚቃ እሱ ነው። ድሮ የቢራ ነበር። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣው ብዙ ሰው “እንግዲህ ጣቢያዎቹ ምን ሊበሉ ነው?” ብሎ ተጨነቀ። ያለነገር ነው የተጨነቀው። ቢራው ሲወጣ ባንኩና ሪል እስቴቱ ገባ። የአራት ዓመት የወንድሜ ልጅ አንድም የልጆች መዝሙር አያውቅም። የቅድመ ክፍያውን መቶኛ ግን በዜማው ይወጣዋል። ጎበዝ ልጅ ነው። ቤት መግዛት ብቻ ነው የቀረው።

እዚህ ላይ የአክስቴን ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል።

አክስቴ አንድ አምባሰል ትወዳለች። በወጣትነቷ፣ ወሎ ሳለች የሰማችው ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት “ዛሬስ አስመርጣለሁ” ብላ ቆረጠች። ካርድ ተሞላ። ቡና ተፈላ። ጎረቤት ተጠራ። ሠላሳ ጊዜ ያህል ተደውሎ መስመሩ ተያዘ። “ሄሎ፣ ማን እንበል?” አለ አቅራቢው። ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

“እናታችን፣ እባክዎ ሬዲዮውን ይቀንሱልን።”

ሬዲዮው ተቀነሰ። በዚህም ለመስማት የተጠራው ጎረቤት በሙሉ ከስርጭቱ ወጣ። አክስቴ ግን ቀጠለች። የዘፈኑን ስም ተናገረች። “ለማን ይጋብዙልናል?” ተባለች። እህ፣ ይህን ጥያቄ ለአክስቴ ማን ጠይቅ አለው? ከልጆቿ ጀመረች። ጂዳ ያለችው ልጇ ሁለት ጊዜ ተጠራች። ወደ እድሩ ስትሻገር ሊቀመንበሩን፣ ገንዘብ ያዡን፣ ጡሩንባ ነፊውን አስከተለች። “ስማችሁን ያልጠራሁ…” ልትል ስትል አቅራቢው “ሰዓት ስለሌለን ነው እናታችን፣ እናመሰግናለን” ብሎ በጨዋ ደንብ ዘጋው።

ሬዲዮው ተጨመረ። የመጣው ዘፈን አምባሰል አይደለም። የዘንድሮ የሠርግ ዘፈን ነው። “ተቀራራቢውን ጋብዘናል” አለ ሰውዬው። ምናቸው እንደሚቀራረብ እስካሁን እያሰብኩበት ነው። ሁለቱም በአማርኛ ናቸው መሰለኝ። እሱም አዝማቹን አንዴ ብሎ ሳይደግመው ጲጵ ጲጵ አለና ሰዓት ተነገረ። ቀጥሎ ባንክ።

ተናደደች ብላችሁ ነው? በፍጹም! ቀኑን ሙሉ “ድምፄን ሰማችሁ?” ስትል ዋለች። እድርተኛው ሁሉ እየደወለ ስሜ ተጠርቷል አልተጠራም አለ። ያልተጠራው ገንዘብ ያዡ ሳይሆን ምክትሉ ነበርና እስከዛሬ ኩርፊያ አለ። ስለ አምባሰሉ የጠየቀ ሰው የለም። አያችሁ፣ አቅራቢው ሕዝቡን ከኔና ከእናንተ በላይ ያውቀዋል። ሰው ዘፈን አይደለም የሚፈልገው። ስሙ ሲጠራ መስማት ነው።

ለዘፋኙም ቢሆን ውለታው ቀላል አይደለም። ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማው የማን ነው፣ ማን አቀናበረው? አይነገርም። ቢነገር እኮ እነዚህ ሰዎች በሰላም መንገድ ላይ መሄድ አይችሉም። በጀርባ የተሰለፉት ስፖንሰሮች ስም በሙሉ ከነስልክ ቁጥራቸው ሦስት ጊዜ ስለሚነበብ ግን ቅሬታ የለንም። ደግሞ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በ2007 በአዋጅ 872 ተሻሽሎ፣ ዘፈን ሲተላለፍ ለባለመብቱ የሚከፈለው የሮያሊቲ ጉዳይ በግልጽ ገብቶበታል። እዚህ ላይ ነው የጣቢያዎቻችን ጥንቃቄ የሚገባችሁ። ያላለቀ ዘፈን ተላለፈ ይባላል እንዴ? ቀምሶ የወጣ ሰው ሒሳብ ይጠየቃል?

(ከምሽት 1 ሰዓት በኋላ ሙዚቃው ለእንግሊዝ ኳስ ቦታውን ስለሚለቅ የምጨምረው የለም። አንድ ለንደን ያለ ተከላካይ ጉልበቱን አሞት ሾፌራችን ፌርማታዬን አሳልፎኛል።)

እንዲህ ረክቼ ስኖር ነው የሰፈራችን ጥበቃ ነገር ያበላሹብኝ። ጋሼ በላስቲክ የታሰረች ትንሽ ሬዲዮ አላቸው። ድንጋይዋ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ማታ ነፍስ ይዘራል። ባለፈው ሌሊት አምሽቼ ስገባ በሩን ከፍተውልኝ ትንሽ አወራን። ያን አምባሰል አነሳሁባቸው።

“እሱማ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይለቁታል” አሉኝ። “እስከ መጨረሻው።”

“ምን ማለት ነው እስከ መጨረሻው?”

“ያኔ ማንም አይናገርም። ስፖንሰሩም ተኝቷል፣ አቅራቢውም ተኝቷል። ዘፈኑ ብቻውን ይሄዳል። መጨረሻ ላይ እኮ ሴትየዋ ታስታርቀዋለች።”

ደነገጥኩ። ያንን ዘፈን ሃያ ዓመት ሙሉ የጠብ ዘፈን ነው ብዬ ነው የማውቀው። ያሁኗ ባለቤቴን ያኔ ስንጣላ የጋበዝኳት እሱን ነው።

ጋሼ ካፖርታቸውን ሰብስበው፣ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ያንን የመጨረሻ ስንኝ ያንጎራጉሩልኝ ጀመር። ድምፃቸው ደህና ነው። ወደ መሀሉ ሲደርሱ ግን አላስቻለኝም። እጄ ሳይታወቀኝ ተነሳ።

“ጋሼ” አልኳቸው አቋርጬ፣ “ለመሆኑ እዚያ ጥግ ላይ የሚሠራው አፓርታማ ካሬው ስንት ገባ?”